«ተቀበል» የማይባልበት መድረክ
የቴሌቪዥን ሙዚቃና የሰሜን ጎንደር አድማጭ፤ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ሰው የሚወደውን ሙዚቀኛ እንዴት ያገኘዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እንደ ዘመኑና እንደ አገሩ ይለያያል። በአያት በቅድመ አያት ዘመን በወገራ ወይም በደምቢያ ይኖር የነበረ ገበሬ የሚወደውን ማሲንቆ መቺ የሚያገኘው በሠርግ ዳስ፣ በጥምቀት ሜዳ ወይም በገበያ ቀን በጠላ ቤት ነበር። ተጫዋቹ ከፊቱ ቆሞ፣ ስሙን ጠይቆ፣ የአባቱን ስም ከነጀግንነቱ አንሥቶ ይዘፍንለታል። በዚያ ቀን የተጀመረ ትውውቅ ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል፤ ልጁን ሲድርም ያንኑ አዝማሪ ፈልጎ ያስጠራዋል። ከእርሱ በኋላ ለመጣው ትውልድ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሚወደውን ተጫዋች ያገኘው በቴሌቪዥን መስኮት ሆነ። የዚህ ንግግር ርእስም ይኸው ለውጥ ነው፤ ይኸውም መስኮቱ ለጎንደርና ለደጋው አድማጭ ምን እንደሰጠው፣ ምን እንደነፈገው፣ ከዚህም የተነሣ መምህራን ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው ለማመልከት ነው።

በመጀመሪያ የቀድሞውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ቃሉ ከመዝሙር ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ በአነጋገር ግን ብዙ ጊዜ ለስድብ ውሎአል። የአዝማሪው መሣሪያ ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ አንድ ረጅም እጀታና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ የሚመታበትም ደጋን እንዲሁ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው። ተጫዋቹ በግራ እጁ ጣቶች ክሩን ይነካዋል እንጂ ከእጀታው ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ እንደ ሰው ድምፅ ይንሸራተታል፤ ያቃስታል፤ ይለምናል። በአንዲት ክር ብቻ የአራቱን ቅኝቶች፣ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን፣ ጠባይ ለይቶ ማሰማት የብዙ ዓመት ልምምድ ይጠይቃል። ልምምዱም ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአባትና ከአጎት የሚገኝ ነው። በጎንደር ከተማ አቅራቢያ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች የሚታወቁት ሙያው ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ስለሚተላለፍባቸው ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው የሙያ ቋንቋም አላቸው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው ግን «ተቀበል» የምትለዋ ቃል ናት። በአዝማሪ ጨዋታ አድማጩ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አይደለም። ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪውም ያንኑ ቃል በቃል ተቀብሎ፣ ከማሲንቆው ጋር አዋሕዶ፣ ዜማ አልብሶ ይመልስለታል። ባለጋራውም ከማዶ ተነሥቶ በተራው ሌላ ግጥም ይሰጣል። እንዲህ እየተባለ ሌሊቱ ይነጋል። ሰምና ወርቁም የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ በፊት ለፊት የማይነገረው ቅሬታ፣ ያልተመለሰው ዕዳ፣ የተደበቀው ፍቅር፣ በሹም ላይ ያለው ምሬት ሁሉ በአዝማሪው አንደበት ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመንም አዝማሪው በዚሁ አንደበቱ አርበኛውን ሲያደፋፍርና ባንዳውን ሲወቅስ ኖሮአል። እንግዲህ የአዝማሪ ሥራ መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልም ነው። ሰው አንድን አዝማሪ ከሌላው አብልጦ የሚወደው ስለ ድምፁ ወይም ስለ አመታቱ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን ግጥም እንዴት አድርጎ እንደተቀበለለት በማየትም ጭምር ነው።

ወደ ቴሌቪዥኑ ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስቱዲዮ የሚገኘው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥርጭቱ ለመናገሻ ከተማይቱና ለአካባቢዋ ብቻ ነበር፤ ጎንደር ሙዚቃን ከሩቅ የምትሰማው በራዲዮ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለውን ቡድን አቋቁሞ ነበር። ቡድኑ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንት፣ የበገናና የሌላም መሣሪያ ባለሙያዎችን በአንድ መድረክ ያገናኘ የመጀመሪያው ነው። በኋላም ለብዙ ዓመታት የመራው ተስፋዬ ለማ ነበር። እስከዚያ ድረስ ማሲንቆና ዋሽንት፣ ከበሮና ክራር እያንዳንዳቸው በየቦታቸውና በየሥርዓታቸው ይሰሙ ነበር እንጂ፣ እንደ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ተሰልፈው በተመልካች ፊት መቀመጣቸው አዲስ ነገር ነበር። የባህል ሙዚቃ ለቴሌቪዥን መድረክ የሚመች ቅርጽ የያዘውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ተጫዋቾቹ በተርታ ይቀመጣሉ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፣ ተራ በተራ ይጫወታሉ፣ ሰዓቱ ሲያበቃም ይነሣሉ።

ሥርጭቱ ቀስ በቀስ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲዘረጋ ትልቁ መሰናክል የአገሩ አቀማመጥ ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ከፍታ እየተቀባበሉ የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ያስፈልጉታል። ራስ ዳሽን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቆመበት፣ የሊማሊሞ ገደል በተሰነጠቀበት አገር፣ በአንድ መንደር ጥርት ብሎ የሚታየው ምስል ከጉብታው ጀርባ ባለው መንደር ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ቴሌቪዥኑም ቢሆን የግል ሀብት ከመሆኑ በፊት ለብዙው ሰው የጋራ ዕቃ ነበር፤ የሚታየው በቀበሌ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመጠጥ ቤት ነው። በ1976 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ከኢሠፓ ምሥረታ ጋር በተያያዘ፣ የቀለም ሥርጭት በቋሚነት ሲጀመር የተጫዋቾቹ የጥበብ ልብስ ጥለት በቀለሙ ታየ።

በደርግ ዘመን ሁለት ነገሮች የቴሌቪዥኑን ሙዚቃ ከበፊቱ የበለጠ አስፈላጊ አደረጉት። አንደኛው የሰዓት እላፊ ነው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1983 ዓ.ም. በዘለቀው በዚህ እገዳ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ የሚያመሽ የአዝማሪ ቤት ጨዋታ ተዳከመ፤ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚገባ መስኮቱ ብቸኛ መዝናኛው ሆነ። ሁለተኛው በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ናቸው። የጎጃም «ግሼ ዓባይ»፣ የወሎ «ላሊበላ»፣ የጎንደር ደግሞ «ፋሲለደስ» እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ቡድኖች በቴሌቪዥን ሲቀርቡ፣ የጎንደር ሰው በገዛ ሠፈሩ የሚያውቀውን እስክስታና የማሲንቆ አመታት ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሲመጣለት አየ። በሠርግ ቤት ጥግ ላይ ቆሞ ትራፊ ይሰጠው የነበረው ባለሙያ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ መብራት በርቶለት፣ በአገር ፊት ተቀመጠ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «የአዝማሪ ልጅ» መባልን እንደ ስድብ ይሰማ ለነበረ ሕፃን፣ የአባቱ መሣሪያ ዜና ከሚነበብበት መስኮት ላይ መታየቱ ታላቅ ክብር ነበር።

መስኮቱ ከክብር ሌላ የሰጠው ነገር አለ፤ እርሱም እጅን ማሳየቱ ነው። በራዲዮ የሚሰማ ሙዚቃ ለጀማሪ ምሥጢር ነው፤ ድምፁን ይሰማል እንጂ እንዴት እንደተሠራ አያውቅም። ክራርን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ክራር በሁለት ዓይነት መንገድ ይመታል፤ በአንደኛው እያንዳንዱ ክር በጣት ይነጠላል፤ በሁለተኛው ደግሞ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ይይዙና የሚፈለገው ብቻ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ይህን በጆሮ ብቻ ለይቶ ማወቅ ለጀማሪ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለዓይን ግን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃዋል። በትያትር መድረክ ከቀደምት ሴት ተዋንያን አንዷ የነበረችውና በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትቀርብ፣ ተመልካቹ ድምፅዋን ብቻ ሳይሆን አቀማመጧን፣ ፊቷን፣ ክራሩን የምታቅፍበትን ሁኔታ ጭምር ተማረ። የጌታመሳይ አበበን ማሲንቆ ያየ ሰውም ደጋን ማለት ወዲያና ወዲህ የሚፈተግ እንጨት ብቻ አለመሆኑን፣ እንደ ሰው እስትንፋስ የሚረዝምና የሚያጥር መሆኑን ይረዳል። ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በብርድ አገር ለሚኖር ልጅ እንዲህ ያለ መምህር በሌላ መንገድ አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ፍሬ ለመድረስ አንድ ትዕይንት በዓይነ ኅሊና መሣል ይጠቅማል። ጊዜው የእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቦታው ከደባርቅ አቅራቢያ ያለ የቀበሌ አዳራሽ ይሁን። ቴሌቪዥኑ በቁልፍ ከሚዘጋ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦአል። ውጭ ነፋሱ አንቴናውን ሲያወዛውዘው ምስሉ ይርመሰመሳል፤ አንድ ወጣት ወጥቶ ምሰሶውን ይዞ ይቆማል። ሕፃናት መሬት ላይ፣ ሽማግሌዎች ከኋላ በአግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ አንድ ማሲንቆ መቺ ይታያል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ሰው ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም፤ ነገር ግን ገና የመጀመሪያውን ዜማ ሲስብ ልቡ ይነካል። «ይህስ ሰው ነው» ይላል። ቀጥሎም እንደ ልማዱ፣ ቦታውን ረስቶ፣ ከወንበሩ ብድግ ይልና እንዲህ ሲል ይጮኻል፤

«ተቀበል!
ተራራው ቢጋርድ ድምፅህ መጣ ቤቴ፣
እጄ አይደርስህም ብሰጥህ ካንጀቴ።»

አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። የአዳራሹ ዘበኛ፣ «አባባ፣ አይሰማዎትም እኮ!» ይለዋል። በመስኮቱ ያለው ሰው ዜማውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ ጥቂት ቆይቶም ምስሉ ተለውጦ ሌላ ዝግጅት ይገባል። ሽማግሌው ተመልሶ ይቀመጣል። የወደደውን ሰው በአንድ ቀን አገኘው፤ በዚያው ቀን አጣው። ግጥሙም የሚቀበለው አጥቶ በአዳራሹ ውስጥ ቀረ።

ትዕይንቱ የታሰበ ቢሆንም በውስጡ ያለው ጉድለት እውነተኛ ነው። ቴሌቪዥን ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ጉድለቱም ከመሣሪያው ባሕርይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከአሠራሩም ጭምር የመጣ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በአዝማሪ ቤት እንደ አድማጩ ፍላጎት እየተለጠጠ የሚሄደው ጨዋታ በቴሌቪዥን በጥቂት ደቂቃዎች ተለክቶ ተቆረጠ። በሁለተኛ ደረጃ፣ በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርጉ ዘመን ለሕዝብ የሚቀርብ ግጥም አስቀድሞ የሚመረመር በመሆኑ፣ በቦታውና በሰዓቱ የሚፈልቀው ግጥም ቦታ አልነበረውም፤ ወርቁ ገና ሳይነገር ሰሙ ተመርምሮ ያልቃል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ካሜራው ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በዘፋኙ ፊት ወይም በእስክስታ ወራጆቹ ላይ ነው፤ ጣቶቹ እጅግ አስቸጋሪውን ነገር በሚሠሩበት ሰዓት ምስሉ ወደ ሌላ ይዞራል። በመጨረሻም፣ ተጫዋቹ በስሙ ሳይሆን «የጎንደር ባህላዊ ጨዋታ» በሚል አጠቃላይ ስያሜ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነበር። ተመልካቹ የወደደው አንድ ሰውን ሆኖ ሳለ የተነገረው የአገር ስም ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንን ፈልጎ ይሂድ?

ይህ ችግር በጎንደር ወይም በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ከአሜሪካ የሚመጣ አንድ ምሳሌም ጉዳዩን ለመመዘን ይረዳል። በደቡብ አሜሪካ ክፍላተ ግዛት፣ በተለይ በሚሲሲፒ፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ልጆች የፈጠሩት «ብሉዝ» የተባለ ሙዚቃ ከአዝማሪው ጨዋታ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለው። በተለመደው አገጣጠሙ የመጀመሪያው ስንኝ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ ሦስተኛው ስንኝ ይመልስለታል። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ዝም ባለበት ክፍተት ውስጥ ጊታሩ ይናገራል፤ ልክ ማሲንቆው በአዝማሪው ስንኞች መካከል እንደሚናገረው ማለት ነው። የጊታሩንም ክር በጣት ገፍተው ድምፁን ያንሸራትቱታል። እ.ኤ.አ. በ1925 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወልዶ በ2015 ያረፈው ቢ. ቢ. ኪንግ በዚህ አጨዋወት ከታወቁት ዋነኛው ነበር። ጊታሩንም «ሉሲል» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሲዘፍን ጊታሩን ዝም ያሰኛል፣ ሲያበቃ ጊታሩ መልሱን ይሰጣል። ባርነትና ባህር የለያቸው ሁለት ሕዝቦች ኀዘናቸውን በተመሳሳይ ሥርዓት፣ በጥሪና በመልስ፣ ማሰማታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ ያለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1974 የሙከራ ዝግጅቱን ቀርጾ፣ በ1976 «ኦስቲን ሲቲ ሊሚትስ» የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም በተከታታይ ማሰራጨት ጀመረ። የፕሮግራሙ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሙዚቀኛው በተመልካች ፊት እንደ ልቡ ይጫወታል፣ ካሜራውም ያንን ይቀርጻል። የዚያችው ግዛት ልጅ የሆነው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ስቲቪ ሬይ ቮን እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1989 በዚሁ መድረክ ቀርቦአል። በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሕይወቱ ካለፈ በኋላም፣ እነዚያን ቅጂዎች ያየ ወጣት በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ሰው ወዳጅ አድርጎ ሊይዘው ቻለ። በቤቱ ያለው ተመልካች እዚያም ቢሆን መልስ መስጠት አይችልም። ነገር ግን በአዳራሹ ያለው ሕዝብ በእርሱ ፈንታ ይመልስለታል፤ ያጨበጭባል፣ ይጮኻል፣ ተጫዋቹም ያንን ሰምቶ አጨዋወቱን ይለውጣል። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በመሣሪያው ሳይሆን መሣሪያው በተተከለበት ቦታ ነው። ካሜራው አድማጭ በሌለበት ስቱዲዮ ሲቆም የአንድ ወገን ንግግር ይቀርጻል፤ መልስ ባለበት አዳራሽ ሲቆም ግን ጨዋታውን ራሱን ይቀርጻል።

ሩቅ ያለን ሙዚቃ የወደደ ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ደግሞ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ታሪክ ይገኛል። በሰላም ጓድ አባልነት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን ማሲንቆን ሰምቶ በማድነቅ ብቻ አልቀረም። ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ መሣሪያውን ተማረ፤ በአማርኛ ዘፈነ፤ ከቡድኑም ጋር ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ በእርሱ አስተባባሪነት «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም በአሜሪካ ተዘዋውሮ ሲጫወት፣ በዚያን ጊዜ በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ይታይ በነበረው የኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ ቀርቦ ነበር። ያን ምሽት ማሲንቆን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ አሜሪካዊ ምን ያህል እንደገባው መገመት ያስቸግራል። በመምህሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ሰጥቶም ተቀብሎም ነበር፤ መምህርና ተማሪም ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ እንደገና ተገናኝተው አብረው ሙዚቃ ቀርጸዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መስኮት ግብዣ እንጂ ድግስ አይደለም። የሚወዱትን ተጫዋች በመስኮት ማግኘት መልካም ነው፤ ፍቅሩ የሚጸናው ግን ተነሥተው ወደ ቤቱ ሲሄዱ፣ ወይም እርሱን ወደ ቤት ሲጠሩት ነው። የሰዓት እላፊው በ1983 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ በአዲስ አበባ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ የአዝማሪ ቤቶች እንደገና መብዛታቸው ይህንኑ ያስረዳል። ለብዙ ዓመታት በመስኮት ሲያይ የኖረ ሕዝብ «ተቀበል» የሚልበትን ቦታ ናፍቆ ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥኑን በብዙ በኩል የተካው በእጅ የሚያዝ ስልክ ነው፤ የቡርቧክስ ልጅ ጨዋታ በአንድ ቀን ባሕር ተሻግሮ ይታያል። ጉድለቱ ግን ያው ነው። ስልኩም አይቀበልም።

ክቡራትና ክቡራን መምህራን፤

እንግዲህ ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ተግባር ምንድን ነው? አራት ነገሮችን መጥቀስ ይቻላል።

አንደኛ፣ ስለ ባህል ሙዚቃ በሚሰጥ ትምህርት የተቀረጸ ጨዋታ ሲታይ ተማሪዎች እጅን እንዲያዩ ማድረግ ነው። «ዘፈኑ ምን አላችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የግራ እጁ ጣቶች ምን ሠሩ? ደጋኑ መቼ ረዘመ? መቼ አጠረ?» የሚሉት ሊጠየቁ ይገባል። ያን ጊዜ ማየት ከመዝናናት አልፎ መማር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከመስኮቱ ቀጥሎ የአገሩን ባለሙያ ወደ ክፍል መጥራት ነው። በጎንደርም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅም ሆነ በጃናሞራ፣ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ያለበት ቦታ እምብዛም አይርቅም። ሲጠራም እንደ እንግዳ መምህር ተከብሮ፣ የድካሙ ዋጋ ተከፍሎት ይሁን። ተማሪዎችም አስቀድመው ሁለት ሁለት ስንኝ እንዲገጥሙና ተራ በተራ እየተነሡ «ተቀበል» እንዲሉ ቢደረግ፣ የአማርኛ ግጥም ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ ነፍስ ይዘራል። ቤት መምታትና ቤት መድፋት፣ ሰምና ወርቅን መለየት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ሳምንት ይወስዳል፤ የገዛ ግጥሙን በማሲንቆ ተቀብለው ሲመልሱለት የሰማ ልጅ ግን የቱ ስንኝ እንደሰመረና የቱ እንዳነከሰ ወዲያው በጆሮው ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ የተጫዋቹን ስም መመዝገብ ነው። በትምህርት ቤት በዓላት የሚቀረጹ ጨዋታዎች የተጫዋቹ ስም፣ የተጫወተበት ቦታና ቀን ሊጻፍባቸው ይገባል። እንግሊዝን በመሰለ ሀብታም አገር እንኳ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ዝግጅቶቹን ከቴፕ እየደመሰሰ በላያቸው ሌላ ቀርጾባቸዋል፤ በኋላም በእጅጉ ተጸጽቶባቸዋል። ስም ያልተጻፈበት ቅጂም ከተደመሰሰ ቅጂ ብዙ አይሻልም፤ የወደደው ሰው ፈልጎ የሚሄድበትን መንገድ ያሳጣዋልና።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ በክፍል ውስጥ የተቀመጠውን የአዝማሪ ልጅ የሚመለከት ነው። ይህ ልጅ በቤቱ ብዙ ሰው በሕይወቱ ሙሉ የማይማረውን ጥበብ ይማራል፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ግን ስድቡን ፈርቶ የአባቱን ሙያ ሊደብቅ ይችላል። ቴሌቪዥን ለአባቱ የሰጠውን ክብር መምህሩ ለልጁ ካልሰጠው፣ ክብሩ በመስኮቱ ውስጥ እንደተዘጋበት ይቀራል። ልጁም አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል፤ ወይ ትምህርቱን ትቶ ከማሲንቆው ጋር ይሄዳል፣ ወይ ማሲንቆውን ሰቅሎ ስለ አባቱ ዝም ይላል። በአንደኛው አገር የተማረ ሰው ታጣለች፤ በሁለተኛው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጥበብ በአንድ ትውልድ ይቋረጣል። ሁለቱንም አጣምሮ ሊይዝ እንደሚችል የሚነግረው ሰው ከመምህሩ የቀረበ የለውም።

ከደባርቅ አቅራቢያ ባለው አዳራሽ የታሰበው ሽማግሌ ግጥሙን ሰጥቶ መልስ ሳያገኝ ተቀምጦ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ሊሰማው አይችልም፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን በዚያው አዳራሽ፣ ከሕፃናቱ መካከል፣ መሬት ላይ የተቀመጠ አንድ የአዝማሪ ልጅ ነበር እንበል። ማሲንቆውን በቤቱ ትቶ የመጣው በሌሎቹ ልጆች ፊት ይዞት መታየትን አፍሮ ነው። እርሱ ማሲንቆውን ሳያፍር ይዞ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ፣ «ተቀበል!» ያለው ሽማግሌ መልሱን ከዚያው ከአዳራሹ ያገኛል። ያን ቀን ማቅረብ የመምህራን ሥራ ነው።